ለእትዬ ዘይነባ የተሰጠ ትኬት

ተመረጠ! የጻፍኩት ታሪክ በሚቀጥለው ቅዳሜ በከተማችን አዳራሽ፣ መድረክ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ ሊነበብ ነው! የሥነ ጽሑፍ ክበባችን መምህር ይህን ሲነግሩኝ የማተሚያ ቀለሙ ገና በደንብ ያልደረቀ የመግቢያ ትኬት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት አመሰግናለሁ ማለቱን ረስቼ ትኬቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያ ጋዝ ጋዝ የሚል የቀለም ሽታ ከቆምኩበት አንስቶ ወደ አራተኛ ክፍል፣ ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ወሰደኝ።

እትዬ ዘይነባ ከስልጤ መጥታ አምቦ የቀረች፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ስኳርና ሳሙና የምትሸጥ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። አባቴ ጊንጪ ስለሚያስተምር ቤት የሚመጣው ለእሁድ ብቻ ነው፤ እናቴ ነርስ ናት፣ የነርስ ቤት ደግሞ ሰው አይገኝበትም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ሱቅ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ፣ እሷ ለእኔ እኔም ለእሷ ሰው ሆነን እናመሽ ነበር።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ የቲያትር ቡድን መጣ ተባለ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን እህቶች «ትምህርታዊ ነው» እያለች፣ ማንም ሳይጠይቃት እያስረዳች፣ ለእሷና ለእኔ ትኬት ገዛች። ከዚያ በፊት ትኬት ገዝተው በር ላይ በእጥፍ የሚሸጡ ሰዎች አዘጋጅ ኮሚቴውን አማርረውት ስለነበር በዚህኛው ጊዜ ትኬቱ ጀርባ የገዢው ስም ይጻፍ ተባለ። እኛ ሰፈር ግን የወለደች ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ትኬት ሻጩም እናቴን እንደሚያውቃት «ሃዳ ቦንቱ»፣ የቦንቱ እናት፣ ብሎ ጻፈላት፤ የእኔው ላይ «ቦንቱ» አለ። ቦንቱ እኔ ነኝ።

የቲያትሩ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት ከገጠር በቃሬዛ መጣችና እናቴ ለሥራ ተጠራች። ነጠላዋን እያወለቀች «ትኬቴን ለእትዬ ዘይነባ ስጫት፣ ከእሷ ጋር ግቢ» ብላኝ ሄደች። እትዬ ዘይነባ በዕድሜዋ ቲያትር አይታ አታውቅም፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ስትዘጋም እኔ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ዘጋች። ለኢድ ብቻ የምታወጣትን ቢጫ ሻሽ አሰረች፣ ሽቶ ተቀባች፣ እጄንም ጥብቅ አድርጋ ይዛ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ «ቲያትር ልንገባ ነው» አለች።

የአዳራሹ ዘበኛ ኦቦ ቶሎሳ ትኬቱን ገልብጦ አነበበ።

«ሃዳ ቦንቱ ማናት?»

«እኔ ነኛ!»

«ኧረ እትዬ ዘይነባ! ጠዋት ስኳር የሸጥሽልኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ታዲያ በስኳሩ ለማን ሻይ እንደምታፈላ ጠየቅኩህ? ገዛህ፣ ያንተ ነው። ሃዳ ቦንቱም ገዛች፣ የራሷ ነው፤ ለእኔ ሰጠችኝ። ወላሂ፣ ምኑ ይከብዳል?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳም እየሳቀ «ዱጋ ኬ! እውነትሽን ነው። ግን ኮሚቴው ስሙ የራሱ ካልሆነ አታስገባ ብሎኛል፤ ባስገባሽ የምባረረው እኔ ነኝ» አላት። ገና ልትከራከር አፏን ስትከፍት ከኋላችን አንድ የሴት ድምፅ «ዘይነባ ደግሞ መቼ ወለደች?» አለ። ሰልፉ እንደገና ሳቀ።

እጄን የያዘው እጇ ሲላላ ተሰማኝ። አልተቆጣችም። ከእሷ ጋር ልመለስ ብል ጀርባዬን ገፋ አድርጋ «ግቢ። ሁሉንም አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አለችኝና ብቻዋን ሄደች።

ቲያትሩ ያስቃል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ስቄ ወደ ጎኔ እዞራለሁ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። የሰው ሳቅ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ብቻን መሆን እንዴት እንደሚከብድ ያኔ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ መዞሩን ትቼ ማጥናት ጀመርኩ፦ ማን ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደተራመደ፣ የቱ ጋ እንዳለቀሰ።

ያን ምሽት ባንኮኒው ፊት ቆሜ ሽማግሌውንም፣ ሙሽራዋንም፣ ሰካራሙንም ሆንኩላት። ሳሙና ሊገዛ የመጣውን ሰው «ቆይ እባክህ፣ ሙሽራው ሊጠፋ ነው!» ብላ አስቆመችው፤ እሱም ቆሞ ጨረሰ። ሌላ ጊዜ ያላየሁትን ሁሉ እየጨመርኩ ነገርኳት፤ መጨመሬን እያወቀች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያንን «ከዚያስ?» ስለለመድኩ ይመስለኛል።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ ሱቋን ሸጣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ስልክ አልነበራትም፣ እኛም አድራሻ አልጠየቅንም፤ ሰው እንደዚያ ጨርሶ የሚሄድ አልመሰለንም። ሱቁ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል፤ ባለሱቁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ከጆሮ ማዳመጫው ግን ቀና አይልም። ደስታዬን ይዤ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያ በር ነበር። ደርሼ ቆምኩና ተመለስኩ።

ሰኞ በክበባችን ስብሰባ ትኬቱ ላይ የተጋባዡ ስም ይጻፍ የሚል ሐሳብ ተነሳ። በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ ተነሳሁ። ትኬት የያዘው ሰው ንብረት ነው፣ ካልተመቸው ለወደደው ይስጠው አልኩ። ሐሳቤም አለፈ።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ኑልኝ። የማይመቻችሁ ትኬታችሁን አታስቀሩት፤ ሱቋን ዘግታ ለማታውቅ ጎረቤታችሁ ስጧት። ሻሿን አስራ ትምጣ። የማን እናት ነሽ ብሎ በር ላይ የሚያቆማት የለም።