የትኛው ጉልበት

ከባሌ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር ፍራሽ ማውጣት ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስለወጣች፣ የመኝታ ቤቱን ፍራሽ አጥር ላይ እናስጣው አልኩት። እሱ በራስጌ በኩል ያዘ፣ እኔ በግርጌ። በራችን ጠባብ ነው። ፍራሹን በጎኑ አቁመን፣ እሱ ወደ ኋላው እየሄደ የበረንዳውን ደረጃ በእግሩ እየዳበሰ ወረደ። አጥሩ ላይ ከሰቀልነው በኋላ እጁን አራገፈና፣

«ጉልበቴን አየሽው?» አለኝ።

«የትኛውን?» አልኩት።

ሳቀ። ሻሂውን ጠጥቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ወደ በርበራ ወደብ ወጣ። በማግስቱ ጭነቱን ይዞ ሲመለስ፣ ከፊቱ የሚመጣ መኪና መስመሩን ለቆ ገባበት። ፍራሹን ከአጥሩ ላይ ያወረዱት ለለቅሶ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው።

የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንድ ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ ልብስ አጥባለሁ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ቀልድ ነው፤ ቀልድ ከመሆኑ በፊት ትዳራችንን ሊያፈርሰው ነበር።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ሐርጌሳ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ ተሰደደች፤ ያደግሁትም የተማርኩትም ድሬዳዋ ነው። ስቆጣ በሶማሊኛ ነው የምቆጣው፣ ስጽፍ ግን በአማርኛ። ባሌ የወሎ ሰው ነበር፤ የተሳቢ ሾፌር። ከተጋባን በኋላ ሥራው የበርበራ መስመር ስለሆነ እዚህ መጥተን «26 ጁን» በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። የእሱ ሶማሊኛ የመንገድ ሶማሊኛ ነው፤ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ቁም፣ እለፍ፣ ወረቀትህን አሳይ። ለኬላ ይበቃዋል። ለሐኪም እንደማይበቃ ያወቅነው በኋላ ነው።

ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ነው የተለወጠው። ድሮ ከመንገድ ሲገባ ገላውን ታጥቦ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ይፈታል፣ የሚንቋቋ በር ካለ ዘይት ይቀባል። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ሆዱ መሪውን መንካት ጀመረ። መንገድ ላይ ሩዝና ፓስታ ይበላል፣ ሌሊቱን ለመንዳት ጫት ይቅማል፣ ጫቱ መረረኝ ብሎ ሻሂውን ስኳር በስኳር ያደርገዋል፣ ሲጋራውን ያያይዛል። ቤት ሲገባ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሲወስደውም ማንኮራፋቱ ጎረቤት ይሰማል፤ መሃል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ይልና እኔ እየሰማሁ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

እንደ ባልና ሚስት መሆናችንም ቀረ። መጀመሪያ ሰበቡ ድካም ነበር። በኋላ ትርፍ ፍራሽ ገዝቶ ሳሎን አነጠፈ። «ማንኮራፋቴ እንዳይረብሽሽ» አለኝ። ፊቴን አያይም ነበር። በርበራ ሌላ አግብቷል ብዬ አሰብኩ። በሃይማኖታችን የተፈቀደ ነገር ስለሆነ፣ ጥርጣሬዬ የእብድ ጥርጣሬ አልነበረም። አልጋው ላይ ብቻዬን ተጋድሜ፣ ልጅ ያልሰጠን አላህ ይህንንም ሊወስድ ነው ወይ እል ነበር።

አንድ የልብ ጓደኛ ነበረው፤ እሱም የወሎ ልጅ፣ እሱም ሾፌር፣ ራሱ እንደ እንቁላል የተመለጠ፣ አፉ የማያርፍ። ያ ጓደኛው ከገበያ ፈረስ የተሳለበት የእንክብል ሳጥን አመጣለት። በረንዳ ላይ ሆነው ሲያወሩ ከውስጥ እሰማለሁ።

«ይሄን ዋጥና ቤትህን አስደንግጥ» ይለዋል ጓደኛው።

«ምን አለበት ውስጡ?»

«ፈረሱን አታይም እንዴ?»

«እሱማ አየሁት። ፈረሱ ምን በልቶ እንደሆነ ነው የምጠይቅህ።»

የምን እንክብል እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ቢውጠውም የተለወጠ ነገር የለም፤ ልቡ ብቻ ይመታበት ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ጉልበቱ ላይ ፋሻ ጠቅልሎ ገባ። ክሊኒክ ሄዶ ኖሯል፣ ብቻውን። ጉልበቱን አሞት ቅባት እንደሰጡት ነገረኝ። እኔም ምስኪን፣ ፔዳል መርገጥ ነው የጎዳው ብዬ ማታ ማታ እየቀባሁ አሸው ጀመር። ጓደኛው «ባለ ጉልበቱ፣ በአንድ እግር ነው እንዴ በርበራ የምትደርሰው?» እያለ ያሾፍበታል። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ጉልበቱ ይጠይቃል። እሱም በየቀኑ ፋሻውን ይጠቀልላል።

አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ ፋሻውን አየሁት።

«ትናንት ግራው ነበር» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጉልበትህ። ዛሬ ቀኙን ጠቅልለሃል።»

ዝቅ ብሎ አየ። ብዙ አየ።

«ተዛወረ» አለኝ።

«በሽታ ይዛወራል?»

«እንደ ጭነት» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን አልወጣለትም። ፋሻውን ፈታው፣ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ያን ጊዜ ነገረኝ።

ሐኪሙ ዘንድ የሄደው ጉልበት የለኝም ሊለው ነበር። በአማርኛ እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደጎደለው ሁሉም ይገባዋል። እሱ ግን የሚያውቀው የሶማሊኛ ቃል ጅሊብ ነው። ጅሊብ የሚታጠፈው ጉልበት ብቻ ነው፤ ኃይልን አይጨምርም። እናም ትልቅ ሰው፣ ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ፣ «ጅሊብ የለኝም» አለ። ሐኪሙ ሱሪውን አስጠቅልሎ ጉልበቱን ነካካው። «እዚህ ነው? እዚህ ነው?» ወጣት ነርስ አጠገባቸው ቆማለች። ባሌ ስህተቱ ወዲያው ገብቶታል፤ ግን ለማረም ሌላውን ነገር በእጁ ምልክት ማሳየት ሊኖርበት ነው፣ በዚያች ልጅ ፊት።

«ታዲያ ምን አልካቸው?» አልኩት።

«አዎ፣ እዚያ ጋ ነው አልኩ።»

እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሚስት እንደሌለ ገባኝና ደግሜ ሳቅሁ። «ሳሎን የተኛሁት» አለኝ፣ «አጠገብሽ ተኝቼ ምንም ካለመሆን ይሻላል ብዬ ነው።» በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ክሊኒኩ አብረን ተመለስን። ሐኪሙ ጠና ያለ ሰው ነው። በሶማሊኛ «ባሌ የሚለው ጅሊብ አይደለም፣ አዎድ ነው፤ ኃይል ነው» ስለው፣ መነጽሩን አውልቆ ባሌን አየው። ነርሷን ቅባት አምጪ ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ላካት። እስከዛሬ ለዚያ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሐኪሙ በሶማሊኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ ምንም እንደማላውቅ ሰው ወደ አማርኛ አዙሬ ባሌን እጠይቀዋለሁ።

«ፍላጎቱ ከመቼ ጀምሮ ነው የቀነሰው ይልሃል።»

«አንቺ ንገሪው» ይላል ባሌ ጣሪያውን እያየ፣ «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሺዋለሽ።»

ስለ እንቅልፉ ሲጠይቅ ግን መልሱ የእኔ ነበር። ትንፋሹ ሌሊት እንደሚቋረጥ ስነግረው ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወላል፣ ይህን ካንቺ በቀር ማንም ሊነግረኝ አይችልም» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

የወንድ ሆርሞን ይለካ አለ። ባሌ ቃሉን ያዘው።

«ሆርሞን የሴት አይደለም እንዴ? እኔ ምን አደረግሁ?»

ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። ይህ ቴስቶስትሮን የሚባለው በወንድ ሁሉ ደም ውስጥ አለ፣ ዕድሜ ሲገፋም ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ሰውነት አብዛኛውን የሚሠራው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው እሱንም ያጣል። ሆድ ሲገፋ ይባስ ያንሳል፤ እሱ ሲያንስ ደግሞ ሆድ ይገፋል። «ጫት ብቻውን ነው የጣለህ አልልህም» አለው፣ «ግን እንቅልፍህን የወሰደው ማን ነው?»

ደሙ የተወሰደው በጠዋት፣ ባዶ ሆዱን ነው፤ ያኔ ነው በትክክል የሚለካው አሉን። ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ጠዋት ደገሙት፣ እሱም ዝቅ ያለ ነው። ስኳሩም ወደ ላይ ማለት ጀምሯል። ባሌ «መርፌ የለውም?» ብሎ ጠየቀ። አለው፣ አለ ሐኪሙ፤ ግን ከውጭ ሲሰጡት ሰውነት የራሱን መሥራት ሊያቆም ይችላል፣ ከዚያ መውጣት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ኑሮውን እንሞክር፣ ካልሆነ እንነጋገራለን። ፈረስ የተሳለበትን ሳጥን ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። ውስጡ ምን እንዳለ የሠራውም ላያውቅ ይችላል ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ኑሮን መሞከር በአፍ ቀላል ነው። ባሌ ከአሠሪው ጋር ተከራክሮ የቀን ጭነት ብቻ መያዝ ጀመረ። ሻሂውን እኔ ነበርኩ የማፈላው፣ ስኳሩን በየሳምንቱ ቀነስኩበት፤ መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ ሰው ቤት ሲጠጣ «ይሄ ሻሂ ነው ወይስ ማር?» ማለት ጀመረ። በጀርባው ሲተኛ ነው ትንፋሹ የሚቋረጠው፤ ስለዚህ ካኔተራው ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቼ የተጠቀለለ ካልሲ ከተትኩበት። በጀርባው ሊዞር ሲል ይወጋዋል። «ግመል አደረግሽኝ» ይለኝ ነበር።

ከባዱ ሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ያለው ነው። እዚህ አገር ወንዱ ያኔ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ የሚመጣበት፣ ወሬው የሚደምቅበት ሰዓት ነው። እንሂድ፣ በእግራችን እንዙር አልኩት። ግን ባልና ሚስት ያለ ጉዳይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሰው ያያል። ስለዚህ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወጣል። ጉዳይ ያለን እንድንመስል ነው። ደረቁ ወንዝ ድረስ ወርደን፣ አሸዋው ላይ ተራምደን፣ ባዶውን ጀሪካን ይዘን እንመለሳለን። ጥግ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ታዝባ ታዝባ አንድ ቀን ጠራችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ውሃ የት ነው የሚቀዳው?» አለችኝ። «ሁሌ ትሄዳላችሁ፣ አንድም ቀን አልሞላም።»

ለባሌ ነገርኩት። በማግስቱ ጀሪካኑን ከቤት ሞልቶ ወጣ። ሞልቶ ወረደ፣ ሞልቶ ተመለሰ። «አሁን ምን ትላለች?» አለ። ክንዱ ደም ሥሩ ተገትሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶውን ይዞ ወጥቶ አያውቅም።

ሁሉም ቀና አልነበረም። አንዴ ወደብ ላይ ጭነት ዘግይቶ፣ ከጓደኛው ጋር ቅሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። የምቆጣው መስሎት ጠበቀኝ። ምሳውን አቀረብኩለት፣ አስር ሲሆን ጀሪካኑን ራሱ አነሳው። ሲጋራውን ፈጽሞ አልተወም፤ ቀነሰው።

ወራት አልፈው አንድ ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ የሳሎኑን ፍራሽ እየጎተተ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ሳሎን ትንኝ በዛ» አለኝ።

ሐርጌሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንኟ እንዲህ የምትወራ አይደለችም። እኛ ቤት ደግሞ በዚያ ሰሞን አንዲትም አላየሁም።

«እዚህስ ትንኝ የለም?» አልኩት።

«እሱን ልናይ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም፤ የእኔ ነው። ደሙ እንደገና ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። የጎረምሳ አይደለም አለ ሐኪሙ፣ ግን ያንተ ነው። ቧንቧው ተጠገነ፣ በሩ ዘይት ተቀባ። እኔ ጠዋት ስነቃ የሰው ጀርባ አጠገቤ ነበር። እስከሞተባት ሐሙስ ድረስ ያለው ዘመን ከመላው ትዳራችን ያማረ ነበር ብል አልዋሽም።

ሲሞት፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰችው እሷ ናት፣ መድኃኒቱ አድክሞት ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ያን ጊዜ ጓደኛው መጣ፤ ከኋላው ሲነዳ የነበረ እሱ ነው። «በርበራ ጥሩ ተኝቷል» አለኝ። «ለሱብሒ ሶላት የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። መስመሩን አልለቀቀም፣ በአላህ ፊት እመሰክራለሁ።» ከዚያ ወዲህ የሰው ወሬ አልጎዳኝም።

ዒዳ ላይ እያለሁ፣ ከቤት የማልወጣበት የሐዘን ጊዜ ነው፣ ያው ጓደኛው ከሚስቱ ጋር ተመልሶ መጣ። እሷ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እሱ ከመጋረጃው ወዲያ በረንዳ ላይ ቀረ። ስለ አየሩ ተናገረ፣ ስለ መንገዱ ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣

«እህቴ፣ እኔም እንኳ ሰሞኑን ጉልበቴን…» አለ።

«የትኛው ጉልበት?» አልኩት።

ሚስቱ መሬት መሬት እያየች፣

«የሚታጠፈው አይደለም» አለች።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። እሱም በረንዳው ላይ ሲስቅ ሰማሁት፤ የሳቁ መጨረሻ ግን ሳቅ አልነበረም፣ ጓደኛውን ነው ያስታወሰው።

ዒዳዬን ስጨርስ ሁለቱን ይዤ ወደዚያው ሐኪም ሄድኩ። ከእነሱ በኋላ ከአያሃ ሰፈር አንድ ሌላ ሾፌር ከሚስቱ ጋር መጣ፣ ከዚያም ሌሎች። ሐኪሙ በቋሚነት እንድመጣ ጠየቀኝ። የጓደኛው እንክብል ቀርቷል፣ ስኳሩ ቀንሷል፤ ሆዱ ገና ነው።

አሁን ቅዳሜና ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ተቀምጬ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ አስተረጉማለሁ።