የስለቱ ጣውላ

አባቴ ያን የዋንዛ ጣውላ ለማንም አያስነኩም ነበር። ልጅ ሳለሁ ሳንባዬን ታምሜ ሐኪም ተስፋ ሲቆርጥብኝ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ላለችው የትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን በር ሊያስገቡ ተሳሉ። እኔ ዳንኩ፤ በሩ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ኖረ። አምና ከግቢያቸው የተቆረጠው ዋንዛ ደርቆ አንድ ወጥ፣ ሰፊ ጣውላ ወጣው። የቀረው ነቀዝ የበላው ነበር።

እንጅባራ ያለችው የእንጨት ሥራ ቤታችን በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት የሚቀርጽ አንድ ሲኤንሲ ማሽን አላት። አባቴ ይልጋሉ፣ ያገጣጥማሉ፤ እኔ በኮምፒውተር ዲዛይን አወጣለሁ። ዲዛይኑን ማሽኑ ወደሚገባው የአቆራረጥ ትእዛዝ የሚለውጠው ግን ካም የሚሉት ሌላ ሶፍትዌር ነው። የነበረን አሮጌ ካም ከዲዛይኑ ጋር አይነጋገርም። ዲዛይኑን በነካሁ ቁጥር ጥልቀቱን እንደገና መጻፍ ነው፤ ከተረሳ ዝም ብሎ ይቆርጣል። እንዴት እንደምጠላው! ብዙ አማርጬ በአቅማችን የሚከፈል፣ እዚያው ዲዛይኑ ውስጥ የሚሠራ አገኘሁ። አባቴ ጣውላውን ልገው ሲያሳሱት ለበሩ ባወጣሁት የመስቀል ዲዛይን ላይ ውፍረቱን ቀነስኩ፤ የመቁረጫው ጥልቀት ራሱ አብሮ ቀነሰ።

በማግስቱ ስገባ አዲሱ ሶፍትዌር ተቆልፏል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ተመልሷል ይላል።

«አባባ፣ ቀኑን ነክተውታል እንዴ?»

«የፈረንጅ ቀን እያሳየ ሲያሳስተኝ ወደ እኛው መለስኩታ! ዓመቱንም አስተካከልኩት። ምነው?»

ቀኑን ባስተካክለውም እምቢ አለ፤ በኢንተርኔት ካልተረጋገጠ አይከፈትም። ኔትወርክ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል።

«እስኪመለስ እንቆይ» አልኳቸው።

«ንግሡ ደርሷል እኮ ልጄ! ስለት ሲጓተት አያምርም። በአሮጌው ሥሪው።»

ጓዳ ገብቼ አዲሱን ጥልቀት በአሮጌው ካም መጻፍ ጀመርኩ። ማሽኑ ሥራ የሚቀበለው በፍላሽ ነው። ጣውላው ሳይላግ በፊት በአሮጌው ካም ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ሥራ ያለበት ፍላሽ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ነበር። አባቴ መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ እኔ ሳደርግ እንዳዩት ሰክተው አስነሡት።

ድምፁን ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ መቁረጫው መስቀሉ መሐል ላይ ጣውላውን በስቶ የማሽኑን ጠረጴዛ ይፍቃል። አጠፋሁት። አባቴ ብናኙን በእጃቸው ሲጠርጉ ጣታቸው በቀዳዳው አለፈ።

«ሌላ ጣውላ እንፈልጋለን፣ አባባ።»

ዓይናቸው ከቀዳዳው ወደ እኔ ዞረ፤ ቀና ብለው አተነፋፈሴን ያዳምጡ ጀመር። ያኔ ፈራሁ።

አሁን ኔትወርኩ ተመልሷል፣ ሶፍትዌሩም ይሠራል፤ የስለቱ በር ግን ገና አልገባም። የእንጅባራን ብርድ ማን ያጣዋል፤ አንድ ጊዜ ቢያስለኝ የመላጊያው ድምፅ ቀጥ ይላል። አባቴ ሁለተኛው ይከተል እንደሆነ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሳሉ ሲመጣብኝ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወደ ውጪ እወጣለሁ።