ያሳጠርኳቸው ካርዶች

ይህን ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ ለምን እንደምናገር ራሴም በደንብ አልገባኝም፤ ስለማታውቁኝ ይሆናል። እትዬ ትርንጎን በድያለሁ።

በደርግ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ያኔ ማሽኑ የሚታዘዘው በተበሳ ካርድ፣ ትእዛዙ በቀዳዳ በሚጻፍበት ወፍራም ወረቀት ነው። ካርዱን የሚበሱት እትዬ ትርንጎ ነበሩ፤ ሁለታችንም የኮልፌ ሰዎች ስለሆንን ጠዋት በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን። አንድ ፕሮግራም ከብዙ ክፍሎች ሲገጣጠም፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ስሙ፣ ዓይነቱ፣ የዘንድሮው ይሁን የአምናው፣ ሁሉም እንደ አዲስ መበሳት ነበረበት። ያንኑ ነገር ደግሞ ደጋግሞ! ጣታቸው ያብጥ ነበር። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ለአለቃችን ሳልናገር አጭር ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ሠራሁላቸው። የማያስፈልገውን ቦታ ባዶ ይተዉታል፣ ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል።

«ባዶ ስተወው ምን ብሎ ነው የሚሞላው?» አሉኝ።

«የዘንድሮውን ይወስዳል፤ እርስዎ አይጨነቁ።»

«አንተ ካልክ እሺ። ተባረክ ልጄ።»

ለገበሬዎች ዘር የሚከፋፈልበት ዝርዝር ከማሽኑ ሲወጣ ግማሹ በአምናው ስሌት ወጣ። አምና ዘር ያገኙ ገበሬዎች ድጋሚ ተላከላቸው፤ ዘንድሮ የሚጠብቁት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ «አሻጥር ነው» አለ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ከተነገረ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን።

ፕሮግራሜን ከፍቼ አየሁት። ባዶውን ቦታ የዘንድሮውን እንዲወስድ አልነበረም የጻፍኩት፤ ከፊቱ ያለውን ካርድ እንዲደግም ነበር። አንዱ ካርድ፣ ማለት እንዳለበት፣ «የአምናው» ይላል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ባዶዎች ሁሉ አምና ሆነዋል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከመጀመሪያው ነው የተሳሳትኩት ወይስ መጀመሪያ ልክ ጽፌ በኋላ ነካካሁት? አላስታውስም። ያደረግኩትን ግን አስታውሳለሁ፦ ፕሮግራሙን ከማሽኑ አነሳሁ፣ አጫጭሮቹን ካርዶች ከቢሮው ቆሻሻ ጋር ጣልኳቸው። ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ ገብተው ቀርተዋል።

ከዚያ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ትርንጎ ተነሡና «እጄ ስቶ ይሆናል፣ ጓዶች» አሉ። ስለ አጭሩ ካርድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔን ለማዳን ነው? ወይስ እውነትም እጃቸውን ተጠራጥረው? እዚያ ተቀምጬ ፊታቸውን አይቼ አይቼ ግራ ገባኝ፤ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሣሁ። ልናገር ነበር የተነሣሁት፣ እላለሁ እንጂ እንጃ። «ሥራ ላይ አረፍዳለሁ፤ ይህ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እሳቸው ታሰሩ።

ሲፈቱ ሥራቸውን አጥተው ነበር። ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመሩ። እኔ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር? አፍሬ ነበር? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ግን የትኛውም ምክንያት አይሆነኝም።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ አገኙኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር።

«ልቆርብ ነው ልጄ። የበደልኩት ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የምዞረው። በእኔ እጅ ጥፋት አንተንም ጭንቅ ውስጥ ከተትኩህ። ይቅር በለኝ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ትከሻቸውን ደግፌ ቀና አደረግኳቸው። ይህን የሚሉት እውነት አምነውበት ነበር ወይስ እንድናገር በር ሊከፍቱልኝ? እያዩኝ ጠበቁ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። እናንተን ማሩኝ አልልም፤ የእናንተ ባለዕዳ አይደለሁም። ያን ቀን ያልኩትን ብቻ ስሙልኝ። እኔ፣ በዳያቸው፣ «ይቅር ለእግዜር፣ እትዬ» አልኳቸው።