ኔቪል ሆልሮይድና ከጣሪያ ሥር የገባው ኦርኬስትራ

ኔቪል ሆልሮይድ ቁጡ ሰው ነው። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ከፊቱ ተቀምጬ ሆርን የሚባለውን ጠምዛዛ የነሐስ መለከት ስነፋ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ ነው። ለንደን ውስጥ ኦርኬስትራ በመራባቸው የሙዚቃ ቲያትሮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሙዚቀኞች በሚቀመጡበት ከመድረኩ ፊት ባለው ጉድጓድ አብሬው ነበርኩ። ብሮንዌን የሚል ስም እያለኝ የዌልስ ልጅ በመሆኔ "አንቺ ዌልሷ" ነበር የሚለኝ። "አንቺ ዌልሷ፣ ሆርን ነው የያዝሽው ወይስ የታመመች ላም?"

እሱ በሰሜን እንግሊዝ የሃሊፋክስ ከተማ ሰው ነው። አባቱ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን ከፋብሪካው ባንድ ጋር ኮርኔት የሚባል አጭር ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ኔቪል ፒያኖ የተማረው በሰፈሩ ቤተ ጸሎት ነው። ለንደን እንደመጣ ያገኘው ሥራ ለዳንሰኞች ልምምድ ፒያኖ መምታት ሲሆን ሞሪንንም ያገኛት እዚያ ነው። እሷ ከዳንሰኞቹ አንዷ ነበረች።

"ቀስ በል እንጂ! እግሬን ልትሰብረው ነው እንዴ?" አለችው።

"እኔ አልፈጠንኩም፤ እግርሽ ነው የዘገየው።"

በዚሁ ተዋወቁ፣ ተጋቡም። ከፒያኖው ወደ ረዳት መሪነት፣ ከረዳትነት ወደ መሪነት ወጣ። ስሙን የተከለው ግን መምራቱ ብቻ አልነበረም። የሌላ ሰው ዜማ ወስዶ ይህን ለቫዮሊን፣ ያንን ለቼሎ፣ ይሄኛውን ለጥሩምባ እያለ ማቀናበር ያውቅበታል። ቀጭን ዜማ ይሰጡታል፣ ሥጋና አጥንት አልብሶ ይመልሰዋል። ፖስተሩ ላይ ግን የእሱ ስም ከአታሚው ስም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ያውም አጉሊ መነጽር ለያዘ ሰው።

ጁሊያን ፌርዌዘር የሚባል የዜማ ደራሲ ነበር። መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወድ ሰው ነው። ኖታ መጻፍ ግን አይችልም። ቴፕ ላይ ያንጎራጉርና ለኔቪል ይልክለታል። በእንግሊዝ አውራጃ በቼሻየር ጨዋማ ውሃ አፍልተው ጨው ስለሚያወጡ ሴቶች የሚተርከውን "የጨው ከተማ" የተባለውን ትርኢት የሠሩት በዚህ ዓይነት ነው። አንድ ቀን እኔ እቤታቸው ሳለሁ ጁሊያን ስልክ ደወለ።

"ኔቪል፣ ውዴ፣ መሐሉ ላይ ባሕር ባሕር የሚል ነገር ጨምርበት።"

"ቼሻየር፣ ጨው የሚፈላበት ቦታ፣ ባሕር የለም።"

"እንግዲያው ዝናብ ዝናብ ይበል!"

ኔቪል ስልኩን ዘግቶ እየተራገመ እርሳሱን አነሳ።

በሁለተኛው ክፍል ላይ የመድረኩ ዕቃ ሲቀየር ባዶ ጊዜ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጨው ጆንያ ተሸክማ ዝም ብላ ታልፋለች። ጁሊያን ለዚያ ምንም አላንጎራጎረም። ኔቪል ከራሱ አውጥቶ ኦቦ ለሚባለው ዋሽንት መሰል የእንጨት መሣሪያ አጭር ዜማ ጻፈ። የነፋው ሂዩበርት ስታናርድ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፣ የኔቪልም የልብ ወዳጅ። ትርኢቱ እንደተከፈተ ሕዝቡ ከአዳራሹ ሲወጣ በፉጨት የሚያወጣው ያንን ዜማ ሆነ። በማግሥቱ ጋዜጣው "የፌርዌዘር ኦቦ ልብ ይሰብራል" ብሎ ጻፈ።

ሞሪን ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ንገራቸው እንጂ!"

"ምን ብዬ?"

"የኔ ነው ብለህ ነዋ!"

"እንደዚያ አይባልም፣ ሞሪን። ሥራው እንዲህ ነው።"

"ሥራው እንዲህ ከሆነ ሥራህ ገደል ይግባ!"

ስትጨቀጭቀው ስለከረመች ኔቪል በአንድ ግብዣ ላይ ለጁሊያን ነገረው። ጁሊያን አልካደም። እንዲያውም አቅፎ ጉንጩን ሳመው። "ያንተ ነው እንጂ! ያለ አንተ እኔ ማን ነኝ?" አለው። ከዚያ ዞር ብሎ ለአንዲት ጋዜጠኛ ዜማው ገላውን ሲታጠብ እንደመጣለት አጫወታት። በሚክድ ሰው መናደድ ይቻላል፤ ስሞህ በሚነጥቅህ ሰው ግን እንዴት ትናደዳለህ?

ትርኢቱ ዓመታት ዘለቀ። የመጀመሪያዎቹ አዘጋጆች ሸጠውት ጄራልዲን ፕሪንግል የምትባል ሴት እጅ ገባ። እሷ ደግሞ ጉድጓዳችንን አይታ የታያት ቲኬት የሚሸጥበት ወንበር ነው። ጉድጓዱ ተደፍኖ ወንበር ይደረደርበታል፤ ኦርኬስትራው ከጣሪያው ሥር ወዳለ ክፍል ይወጣል፤ ከሃያ ምናምን ሰው ዘጠኝ ይቀራል፤ የጎደለውን ኪቦርድ ይሞላዋል። ቅንብሩን እንዲያሳንሰው የጠየቀችው ኔቪልን ራሱን ነው።

"አንተ ከሠራኸው ልዩነቱን ማንም አያውቅም" አለችው።

"እኔ አውቃለሁ።"

"ካልሠራኸው ሌላ ሰው አለልኝ። በመጋዝ ቆረጠው በመርፌ ሰፋው፣ ለኔ አንድ ነው።"

ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ብሎ እሺ አለ። ለቀናት ቤቱን ዘግቶ የገዛ እጁን ሥራ እየቆራረጠ ዋለ። ሞሪን እንደነገረችኝ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ሲያወጣ የሚጫወተውን ሰው ስም ጠርቶ ይራገም ነበር። ራሱን እንዳይመስላችሁ፣ ሰዎቹን ነው፤ "ምን አለ ሁለት እጅ ባይኖርህ፣ ሙዚቀኛም ባልሆንክ!" እያለ።

ከቲያትሩ ጀርባ ባለው መጠጥ ቤት ሰብስቦ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሰናበት ነገረን። የተሰናበቱት አብዛኞቹ አጉረምርመው ጃኬታቸውን አነሱ። ሂዩበርት ግን አልተንቀሳቀሰም።

"የኦቦውን ዜማስ?" አለው።

"ኪቦርዱ ይጫወተዋል።"

"ማን ነው የወሰነው?"

"እኔ... ሂዩበርት፣ እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው—"

"ሌላ ሰው ቢያርደኝ ይሻለኝ ነበር" አለና ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከኔቪል ጋር አልተነጋገሩም።

እኔ ከዘጠኙ አንዷ ሆኜ ቀረሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ በበጋ ምድጃ፣ በክረምት በረዶ ነው። ኔቪል ለካሜራ ይመራል፣ ተዋንያኑ ከሰገነቱ ፊት በተሰቀለ ስክሪን ያዩታል። ድምፃችን በሽቦ ወደ አዳራሹ ይወርዳል። ተመልካቹ ቴፕ የተከፈተ ይመስለዋል።

አንድ ረቡዕ፣ በከሰዓቱ ትርኢት ላይ፣ ያ ስክሪን ጠፋ። ሴቶቹ በየተራ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ከባድ ዘፈን ላይ ነበርን። አንዷ ቀድማ ገባች፣ ሌላዋ ዘገየች፣ በማዳመጫው ውስጥ ዘፈኑ ሲበታተን ይሰማናል። ኔቪል ማዳመጫውን በጥሶ ጣለው።

"አንቺ ዌልሷ! ኪቦርዱን ተከተሉ፣ እንዳታቆሙ!" ብሎ በደረጃው ቁልቁል በረረ።

ታች የሆነውን የነገረችኝ ሞሪን ናት፤ የዚያን ቀን ከእህቷ ጋር አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ኔቪል ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ በላብ ተጠምቆ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ገባና እጁን ዘረጋ። ሴቶቹ አዩት። ሙዚቃውን ከድምፅ ማጉያው እየሰማ አንድ በአንድ መልሶ ሰበሰባቸው። ሞሪን "እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም" ትላለች።

ከዚያ አንድ አዲስ አስተናጋጅ መጣ።

"ጌታዬ፣ ቲኬትዎን?"

"ዞር በል! መሪው እኔ ነኝ!"

"የምኑ መሪ?"

"የኦርኬስትራው ነዋ!"

"ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ኦርኬስትራ የለም።"

አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት በጃንጥላቸው ወገቡን ወጉት። "ቁጭ በል፣ አንተ ሰካራም!" ሞሪን "ባሌ ነው! ተዉት!" እያለች ብትጮህም፣ ሁለተኛ አስተናጋጅ ተጨምሮ እየገፉ አስወጡት። ዘፈኑ ያለ እሱ ተንገዳግዶ ተበተነ፣ መጋረጃውም ተዘጋ።

ጄራልዲን ጽሕፈት ቤቷ አስጠርታ ተመልካች እንዳስደነገጠ ነገረችው። ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም። ሲወጣ ግን ኮቱን ይዞ ነበር። በዚያው ቀረ።

አሁን ከሞሪን ጋር ሃሊፋክስ አቅራቢያ ይኖራል። የአማተሮች የሙዚቃ ማኅበር ይመራል። ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልማ። ባለፈው መከር ልጠይቀው ሄጄ ልምምድ ላይ አገኘሁት። ቦታው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ዋናው ዘፋኝ ሥጋ ቆራጭ ነው፣ ድምፁ ጥሩ፣ ጆሮው ግን ሥጋ ብቻ። ክላሪኔት የምትነፋዋ ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሄዳለች።

"አራት ጊዜ ነገርኩህ፣ ሴቶቹ ከገቡ በኋላ!" ይላል ኔቪል።

"ገብተዋል ብዬ ነው" ይላል ሥጋ ቆራጩ።

"በበር ነው የገቡት፣ በዘፈኑ አይደለም!"

በዕረፍቱ ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሂዩበርት ስልክ ያነሳልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔን ያነጋግረኛል፣ ስለ አንተ ስጀምር ግን ይዘጋዋል አልኩት። ሻዩን አማሰለው እንጂ አልጠጣውም።

ልምምዱ እንደገና ሲጀመር አዳራሹን ከእነሱ ቀጥሎ የሚጫወቱበት የባድሚንተን ተጫዋቾች ራኬታቸውንና መረባቸውን ይዘው ደረሱ።

"ሰዓታችን ነው" አለ አንደኛው።

"አንድ ገጽ ብቻ!"

"ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ብለህ ነበር፣ ሚስተር ሆልሮይድ።"

አልጠበቁትም። የመረቡን ቋሚ እየጎተቱ በቫዮሊኖቹና በቼሎዎቹ መካከል መረቡን መዘርጋት ጀመሩ። ኔቪል ፊቱ ቀልቶ፣ እየተራገመ፣ ቼሎዎቹን በመረቡ ቀዳዳ እያየ መምራቱን ቀጠለ።