በሬ ገዢው አጎቴና የጀማል ግራፊክስ ካርድ

ያለፈው ሳምንት ሰኞ... የኮምፒውተሬን ቪዲዮ የሚያፈጥንልኝ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ አጎቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አትሳቁ፣ ምክንያት አለኝ።

እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ሆኜ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ድሮን ከመጣ ወዲህ የቪዲዮው ጥራት ጨምሯል፣ የኔ ኮምፒውተር ግን ያው የድሮው ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አንድ እግሯን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ስክሪኑ ቀጥ ይላል። አባቷ ደግሞ ቪዲዮውን አብረው ሊያዩ ለእሁድ ዘመድ ጠርተዋል። ካላደረስኩ በዚህ የሰርግ ወቅት ደሴ ውስጥ ሥራ የሚሰጠኝ ሰው አይኖርም።

አዲስ ባለ ስምንት ጊጋ ካርድ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ ያገለገለ ባለ አሥራ ሁለት ልፈልግ? የኮምፒውተሬ ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል? አንዱ «ለቪዲዮ ወሳኙ ሜሞሪው ነው» ይላል፣ ሌላው «ያገለገለ እንዳትነካ፣ ሌት ተቀን ክሪፕቶ፣ ያን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ሲያመርቱበት የከረመ ነው የሚሸጡልህ» ይላል። እንዲህ ስባዝን አንድ ያገለገለ ባለ አሥራ ሁለት ኮምቦልቻ ተገኘ። ካርዱን መረጥኩ። የቀረኝ ሻጩ ይዋሸኛል አይዋሸኝም የሚለው ብቻ ነበር።

ለዚህ ደግሞ አጎቴ እንድሪስ አሉ። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ናቸው። የአካባቢው ሰው በሬ ሲገዛ እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። ከበሬው በፊት ሻጩን ነው የሚመረምሩት።

ሻጩ ጀማል የሚባል፣ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት አባወራ ነው። ቤቱ አስገባን፣ ሚስቱ ዘሀራ ሻይ አቀረበች። በፍላሽ ይዤ የሄድኩትን ቪዲዮ በእሱ ኮምፒውተር ከፈትኩት። ሙሽራዋ ሳትንጠለጠል ወረደች። እኔ በልቤ ካርዱን ገዝቼ ጨርሻለሁ።

አጎቴ ግን ገና መጀመራቸው ነው። ኮምፒውተሩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም።

«ጤነኛ ነው?»

«ወላሂ ጤነኛ ነው አባባ። ጌም ብቻ ነው የተጫወትኩበት።»

«ታዲያ ጤነኛ ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?»

በሬ ገበያ ላይ ሳይጠየቅ የማይታለፍ ጥያቄ ነው። ጀማል ሻዩን አማሰለ... በቃ ክሪፕቶ ነው አልኩ በልቤ።

«እሷ ሽጠው ብላኝ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ዘሀራን ሳያይ።

«እኔ መች ሽጠው አልኩ?» አለች ዘሀራ በሩ ጋ እንደቆመች። «ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ እሱን አብርቶ ነው እኔን ሰላም የሚለኝ። ወይ እሱ ከቤት ይውጣ ወይ እኔ እናቴ ቤት ልሂድ ነው ያልኩት።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። ሰውየው አልዋሸም፣ ካርዱም ጤነኛ ነው፣ የቀረን ከፍሎ መውጣት ብቻ ነው። አጎቴ ግን ሻዩን አስቀመጡና እግራቸውን አጣጥፈው ተመቻቹ። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ለሽምግልና ሲሆን ነው እንደዚያ የሚቀመጡት።

«ነይ ልጄ፣ አንቺም ተቀመጪ። አብሽሪ» አሏት።

«አጎቴ... እኛ እኮ የመጣነው ለካርዱ ነው» አልኳቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ።

«ቤት እየፈረሰ የምን ዕቃ ነው የምትገዛው አንተ?»

እሱ ተናገረ፣ እሷ ተናገረች። እሷ አለቀሰች፣ እሱም ዓይኑን ጠራረገ። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ የሰው ትዳር በዳነ ቁጥር ሆዴ እየባሰው ተቀምጫለሁ። ይህን ያህል ክፉ ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ዘሀራ ራሷ፣ «በቃ አባባ፣ አይሽጠው። መጀመሪያ እኔን ሰላም ይበለኝ እንጂ ከዚያ ይጫወት» አለች። አጎቴ ዱዓ አደረጉ። «አላህ ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፣ ከቤታችሁ ዕቃ አይውጣ...» እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ስንወጣ ጀማል ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እኔ ከሥራ ስገባ እዚህ እየመጣህ ሥራ፣ ቤቱ ያንተው ነው» አለኝ። አጎቴም ደስ አላቸው። «ይኸው፣ ሁላችሁም ተጠቀማችሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ማታ በመጨረሻዋ ሚኒባስ ደሴ እወጣለሁ። ቪዲዮው ለእሁድ ደረሰ፣ የሙሽራዋ አባትም መረቁኝ። ሌሎች ሰርጎች ስላሉብኝ ግን አሁንም እዚያው ነኝ። ወንበሩን ስለያዝኩበት ጀማል ከዘሀራ ጋር በረንዳ ላይ ሲጨዋወት ያመሻል... ሳቃቸው እስከ ውስጥ ይሰማኛል። በጣም ተዋደዋል።

ትናንት ራት ላይ ባለቤቴ ሀያት ሳህን እያነሳች፣ «አጎትህ እንድሪስ መቼ ነው ወደ እኛ የሚመጡት?» አለችኝ።

«ምነው፣ ናፈቁሽ?»

«አይ... ቁጭ ብለው እንዲሰሙልኝ የምፈልገው ነገር አለ።»

ዛሬ በጠዋት አዲስ አበባ ደውዬ ካርድ አዘዝኩ... ስንት ጊጋ እንደሆነ እንኳን አልጠየቅኩም።