ለወረቀቱስ ማን ነገረው?

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ይህን አልስትም። ማንጎው ረግፎ ግቢውን ዝንብ የወረሰበት ሰሞን ነበር። የዚያ ዓመት ማንጎ ይሁን የሚቀጥለው ግን ልጆቹን መጠየቅ ነው። በእኔ ዕድሜ ዓመቶች እንደ ተደረበ ጋቢ ይሆናሉ፤ አንዱን ካንዱ መለየት ያስቸግራል።

ከታች ከተማው ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ያለችው ቤቴ ከጓሮ በኩል ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሏት፤ ለተማሪ አከራያቸዋለሁ። በዚያን ጊዜ በአንደኛው ክፍል የምትኖረው የተራራው መንደራችን የኦቾሎ ልጅ ነበረች። እናቷና ባለቤቴ ከአንድ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልቦና ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ይመጡና ሦስቱም በረንዳዬ ላይ ኮምፒውተር ከፍተው ይቀመጣሉ። አንደኛዋ እዚሁ ሴቻ የተወለደች ናት፤ ወላጆቿ ግን ከሰሜን በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። አፏ ምላጭ ነው። ሌላው ከሶዶ የመጣ ረጅም ልጅ ነው። ጣቶቹ በፊደሎቹ ላይ ሲሮጡ ሳይ መወርወሪያው ከእጁ የማይወድቅ ሸማኔ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ሸማኔ ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ፤ ጉልበቴ ከሸማው ጉድጓድ አልወጣ ሲለኝ ተውኩት። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን መጻፍ፣ ጋዜጣውንም በጣቴ እየተከተልኩ ማንበብ ከቻልኩ በኋላ እዚያው ላይ ቆምኩ። ስለዚህ ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ መጀመሪያ አልገባኝም።

«ምንድን ነው የምትጽፉት?» አልኳቸው።

«የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው አባባ» አለችኝ የኦቾሎዋ። «ኢንተርኔት ላይ መዝገበ ዕውቀት የሚባል አለ። ማንም ይጽፍበታል፣ ማንም ያነበዋል።»

«ማንም?»

«አዎ፣ ማንም።»

«ታዲያ ውሸት እንዳይገባበት ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም!» አለች የሴቻዋ፤ ሦስቱም ሳቁ።

የማን ታሪክ እንደሆነ ሲነግሩኝ ግን እኔ አልሳቅኩም። እዚህ የማንንም ስም አልጽፍም። ሴትዮዋን ግን አውቃቸው ነበር።

ሴትዮዋ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ፌሚኒስት ይሏቸዋል። እሱ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቅ የኦቾሎዋ ረዘም ያለ ነገር ጀመረችልኝ፤ የሴቻዋ ከአፏ ነጠቀቻት። «አባባ፣ አንዲት ሴት ደክሟታል ሲባል ‹ማን አደከማት?› ብሎ የሚጠይቅ ማለት ነው።» ይኼ ገባኝ። ምክንያቱም እሳቸው እኛ መንደር መጥተው የጠየቁት እሱን ነበር።

ኦቾሎ የመጡት እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ነው። ያኔ በእኛ አገር ሴት አቅም አጥታ ከተኛች፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰች፣ መንፈስ ያዛት ይባላል እንጂ ሌላ ስም የለውም። እሳቸው ሴቶቹን ከገበያው በላይ ካለው ዛፍ ሥር ሰበሰቧቸው። ስለ መንፈስም ስለ በሽታም አልጠየቁም። «በቀን ውስጥ መቼ ትቀመጫለሽ?» ብለው ሁሉንም በየተራ ጠየቁ። ሴቶቹ ሳቁ አሉ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን የሚመልስ ጠፋ።

ባለቤቴ ያን ቀን ወደ ቤት ገብታ ሸማው ፊት ቆመች።

«እኔ መቼ ነው የምቀመጠው?» አለችኝ።

«ስትፈትይ» አልኳት።

«እሱ ላንተ ሸማ መቀመጥ ነው። ለእኔ መቼ ነው?»

ከጉድጓዱ ወጣሁና የማደርገው ቢጠፋኝ እንስራውን አንስቼ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ኦቾሎ ከድንጋይ ላይ የተቀመጠች አገር ናት፤ ውሃው ከታች ነው፤ ስወርድም ስወጣም ያላየኝ ሰው የለም። ሰፈሩ «ሸማኔው እንስራ አገባ» እያለ ስንት ጊዜ ሳቀብኝ! እሷ ግን ተቀመጠች። ምሁሯ ከዚያ በኋላም እየተመላለሱ መጡ። እሳቸው መምጣት ካቆሙም በኋላ ሴቶቹ ከገበያ ሲመለሱ ከዚያ ዛፍ ሥር መቀመጣቸውን አልተዉም። አንድ ደንብ ብቻ አወጡ፦ እንዝርት ይዞ መምጣት ክልክል ነው። እጅ ባዶ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። ባለቤቴ አርፋለች፤ ከነዚያ ሴቶችም ብዙዎቹ አርፈዋል። ልጆቹ ካልጻፉት ከእኛ ጋር አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ያ ገጽ ለኦቾሎዋ ልጅ የእናቷ ነገር ነበረ፤ ለእኔም የባለቤቴ።

ልጆቹ ወደ ኦቾሎ ወጥተው የተረፉትን ሴቶች ሊያናግሩ ተነሡ። «አባባ፣ አብረን እንውጣ» ብትለኝ «ጉልበቴ» አልኳት። ጉልበቴ አልነበረም። ባለቤቴን እዚያ ቀብሬ ከወረድኩ ወዲህ ያንን ዳገት ማየት አልቻልኩም ነበር። ልጅቷ ትንሽ አየችኝና ሄደች።

የሴቶቹን ድምፅ በስልክ ቀርጸው ተመለሱ። ለብዙ ቀናት ጻፉ። ሲጽፉ ብታዩአቸው፣ አንዷ የጻፈችውን ሌላው ያፈርሳል፣ እሱ ያስተካከለውን ሌላዋ መልሳ ታፈርሳለች፣ አንድም ቀን ሲቀያየሙ አላየሁም። በመጨረሻም ማንም ስሙን አይጽፍበትም። ይኼ ደስ አለኝ። ጥጡን የፈተለችውም፣ ድሩን ያደራውም፣ የሸመነውም ጋቢው ላይ ስማቸውን አይጽፉም፤ የሚለብሰው ሰው ይሞቀዋል፣ አለቀ።

ከዚያ ገጹን ለዓለም ከፈቱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ከገጹ አናት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል፦ ጽሑፉ በታተመ ምንጭ ስላልተደገፈ በሳምንት ውስጥ ካልተስተካከለ ይነሣል።

ስህተቱ የእኛ አገር ሰው ስህተት ነበር። ጋሞ ውስጥ ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ ላይ ነው፤ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ሜዳ። እዚያ ሽማግሌ ተነሥቶ ያየውን ከተናገረ ቃሉ ማስረጃ ነው። ወረቀት አምጣ የሚለው የለም። ልጅቷም በዚያው ደንብ «የኦቾሎ ሴቶች እንደተናገሩት» ብላ ጻፈች፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣ ብላ።

ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «የእናቴ ቃል ውሸት ነው ማለት ነው?»

«ውሸት ነው አላለም» አላት ረጅሙ። «አልታተመም ነው ያለው።»

«እናቴ ማተሚያ ቤት የላትም!»

«ታዲያ እናትሽን አሳትመን እንለጥፋቸዋ» አለች የሴቻዋ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ የኦቾሎዋ ናት፤ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ለካ ከገጹ ጀርባ ሌላ ገጽ አለ። እዚያ ጸሐፊዎቹ ይከራከራሉ፤ የድምፅ ብልጫ ብሎ ነገር የለም፤ እስኪግባቡ ድረስ ይነጋገራሉ። ይኼማ ዱቡሻ ነው አልኩ በልቤ። ልጅቷ እዚያ ገብታ የእናቷን ነገር ጻፈች፤ ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰውም በማግስቱ መለሰላት። ረጅሙ አነበበልኝ። «እናትሽን አምናለሁ» ይላል። «ነገር ግን ነገ አንድ ሰው መጥቶ ‹እኔንም እናቴ ነገረችኝ› ብሎ በምሁሯ ላይ ክፉ ቢጽፍ በምን እከለክለዋለሁ?»

ያንን ሰው ፊቱን አላየሁትም፤ የት እንደሚኖርም አላውቅ። ዱቡሻ ላይ ቢመጣ ግን ተነሥቼ ቦታ እለቅለት ነበር። ልጅቷም ደጋግማ አነበበችው። «ልክ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ። የኋላ ክፍሌን ግድግዳ ባለቤቴ በዱቄት ሙጫ በጋዜጣ ለብጣው ነበር። የሴቻዋ ድንገት «አባባ፣ ግድግዳዎ የታተመ ምንጭ ነው እኮ!» ብላ ተነሣች። ሦስቱም ገብተው አንገታቸውን እያጣመሙ ማንበብ ያዙ፤ ባለቤቴ ፊደል ስለማታውቅ ግማሹን ገልብጣ ነው የለጠፈችው። ስለ ማዳበሪያ አገኙ፤ ስለ ኳስ አገኙ፤ መታወቂያው የጠፋበትን ሰው አገኙ። ረጅሙ «ይኼን ሰው መታወቂያህ ተገኘ ብለን እንጥራው?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ያ ክፍል ሳቅ ከሰማ ቆይቶ ነበር።

ሥራው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ያደነቅኳቸውም በሥራው ነው። የሴቻዋ ጡረታ የወጡትን አባቷን ስታስጨንቅ አዲስ አበባ ላሉ የድሮ ባልደረባቸው ደወሉ። ረጅሙ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እየጻፈ ምንጭ ይለምናል። የኦቾሎዋ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ገብታ የተጠረዙ የድሮ ጋዜጦችን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ትገልጣለች። እጇ ጠቁሮ፣ እያስነጠሳት ትመጣለች። እኔ የምችለው ኩርኩፋ አብስሎ መጠበቅ ነበር፤ በቆሎውን በጎመን። ሴት ልጅ ስታነብ ወንድ ምድጃ አጠገብ መቆሙን ባለቤቴ ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ።

አንድ ቀን በሩጫ ገባች። የጋዜጣውን ገጽ በስልኳ አንስታዋለች። ከገጹ ጥግ ላይ ያለች ከጣት የማትረዝም ጽሑፍ ናት፦ ምሁሯ ኦቾሎ ወጥተው ከዛፍ ሥር ሴቶችን ሰብስበው «መቼ ትቀመጫለሽ?» ብለው ጠየቁ ይላል። ይኸው ነው። ከአዲስ አበባም የሴትዮዋ ሥራ የተነሣበት የአንድ መጽሐፍ ምዕራፍ ተላከ። ገጹ የሚቆምበት እግር አገኘ።

የሴቶቹ ቃል ግን መውጣት ነበረበት። ባዶ እጅ የመቀመጡ ደንብ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ የቀጠለው ሁሉ፣ አንዱም የትም አልታተመም። የሴቻዋ እንደዚያ ቀን ለስልሳ አላየኋትም። «እኔ ልቁረጠው? አንቺ አትዪው» አለቻት።

«አይሆንም» አለች የኦቾሎዋ። «የእናቴን ነገር ሌላ ሰው አይቆርጠውም።»

መስመር በመስመር ራሷ አነሣችው። አዘንኩ፤ አልዋሽም። የባለቤቴም ነገር አብሮ ሄዷል። ነገር ግን ጥለቱ የተጣመመበትን ሸማ በገዛ እጁ የፈታ ሰው የልጅቷን ሥራ ያውቀዋል። ትልልቅ ሰዎች እንኳ የማይችሉት ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ማስታወቂያው ተነሣ። ያ ሰው ከጀርባው ገጽ ላይ «የተለፋበት ሥራ ነው» ብሎ ጽፎላቸዋል። ረጅሙ በደስታ ሲዘል ጭንቅላቱን ከበረንዳው ማገር ጋር አጋጨ።

«አሁን ወጥተን እናንብብላቸው» አለች የኦቾሎዋ።

«ጉልበቴ» አልኩ እኔ።

«አውቃለሁ አባባ» አለችኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት ባጃጅ ቆሟል፤ ሁለቱ ጓደኞቿ ውስጥ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ እሷ ከዘራዬን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

ሜዳውን በባጃጁ አልፈን ዳገቱን በእግር ወጣን። አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል። ድንጋዩ በበዛ ቁጥር ልጅቷ ትቆምና «አባባ፣ እኔ ደከመኝ፣ እንቀመጥ» ትለኛለች። እንቀመጣለን። ጥቂት እንሄዳለን። «አባባ፣ አሁንም ደከመኝ።» በዚያ ዳገት ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ ላብ እንኳ ጠብ አላላትም። እንደማውቅ ታውቃለች፤ እኔም ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ጠበቁን። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ እያሳዩኝ «የእሷ ቦታ ነው፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ልጅቷ ገጹን እያነበበች ወደ ጋሞኛ መለሰችላቸው። ከዚያ እናቷ በጋሞኛ ጠየቁ፤ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው።

«ጥሩ ነው። እኛ የነገርንሽስ የታለ?»

«ወረቀት ላይ ስላልነበረ አልገባም፣ እማ።»

«ይኼ ያነበብሽው ከየት መጣ?»

«እሱ ወረቀት ላይ ተገኘ።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ። «ለወረቀቱስ ማን ነገረው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጅቷም ከእነሱ ጋር ሳቀች። ረጅሙ «የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። እሷም ሳቋን ሳትጨርስ ስልኳን አውጥታ እናቷ ፊት አደረገችው። «እንግዲያው እንደገና ንገሪኝ፤ አሁን ለወረቀቱ ነው የምትነግሪው» አለቻቸው። እናትየው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አንዲት ሴት እንዝርቷን እንደያዘች ብቅ አለች። «እንዝርትሽን መልሺ!» ብለው ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹባት። ስልኩ እሱንም ቀዳው።

አሁን ኦቾሎ እመላለሳለሁ፤ መቃብሯ ዘንድም እሄዳለሁ። ያን ክፉ ጊዜ ማን አሻገረህ ቢሉኝ፣ ያ ገጽ አይደለም፤ ምሁሯም አይደሉም። ሳይደክማት «ደከመኝ፣ እንቀመጥ» እያለች ዳገቱን ያወጣችኝ ያቺ የኦቾሎ ልጅ፣ የባለቤቴ ጓደኛ ልጅ፣ እሷ ናት።