ሳልሄድ የተዛወርኩበት ትምህርት ቤት

የማህተም ቀለም ሽታ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ጋዝና መድኃኒት የተቀላቀሉበት ዓይነት ሽታ ነው። በቀደም የልጅ ልጄ ከምትማርበት፣ ላሊበላ ከተማ ዳር ካለው ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ተጠርተን ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። በር ላይ ቆሞ የመጣውን ወላጅ ያስፈርማል። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና የማህተሙን ቀለም ከፈተ።

«ማዘር፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ» አለኝ።

«እስክሪብቶውን አምጣው» አልኩት።

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩለት። አነበበውና «ይቅርታ» አለኝ። መልካም ልጅ ነው፤ ይቅርታውም የምር ነበር። ሽታው ግን አንዴ ገብቷል። ከፊት ተቀምጬ፣ እሱ በድምፅ ማጉያው «የትምህርት ቤታችን የዘንድሮ ስኬቶች» ብሎ ሲጀምር፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበርኩበት ዓመት ሄጄ ነበር።

የኛ ትምህርት ቤት ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው በኩል፣ ነፋስ የማይለየው ጉብታ ላይ ነበረች። ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ። ነፋሱ ሲበረታ ቆርቆሮው እየጮኸ መምህሩ የሚለው አይሰማም፤ ያኔ ንግግሩን ትቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፍልን ነበር፣ እኛም ዝም ብለን እንገለብጣለን። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ የእርጥብ ጋቢና የጠመኔ ሽታ ይሸታል። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የጠመኔው ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ማየት እወድ ነበር። ዛሬም ድረስ ከዚያ የሚያምር ነገር ብዙ አላየሁም።

በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና ነበረ። ያለፈ ላሊበላ ሄዶ ሰባተኛ ክፍል ይገባል። አባቴ ገብስ አራሽ ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። «እስከ ሚኒስትሪ ተማሪ። ካለፍሽ ላሊበላ አክስትሽ ዘንድ አስቀምጥሻለሁ። ካላለፍሽ ግን ደግሜ አልልክሽም፤ እናትሽ ብቻዋን ናት» ብሎኛል። ጭካኔ አልነበረም። ለሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼም ያለው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ወድቀው ሞፈር ጨብጠዋል። ፍርዱ ለሁላችንም እኩል ስለነበር አልከፋኝም። እኔ ደግሞ እንደማልፍ አውቅ ነበር።

ጥር ላይ እናቴ ወልዳ ታመመች። ቤት ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረም። አባቴ ትምህርት ቤት ሄዶ ለዲሬክተሩ ነገረው፤ ዲሬክተሩም «ትቆይ፤ እናቷ ሲሻላቸው ትመጣለች» አለው። እስከ ፋሲካ ቀረሁ። የዴስክ ጓደኛዬ በየቅዳሜው ደብተሯን ታመጣልኝና፣ ሕፃኑን በአንድ እጄ እያወዛወዝኩ በሌላው እገለብጣለሁ። አንድ ቀን ሕፃኑ የሒሳብ ደብተሯ ላይ አስታወከበት።

«ወንድምሽ ክፍልፋይ አልተስማማውም» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ተነሳች። እኔም ቀሚሴን አጥቤ ሄድኩ። መምህራችን ስም ሲጠራ የኔን ዘለለው።

«ጋሼ፣ እኔን ዘለሉኝ» አልኩ።

መዝገቡን አየና አንገቱን ደፋ። «አንቺ እዚህ የለሽም» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ስሜ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። አጠገቡ «ወደ ኩልመስክ ተዛውራለች» ይላል። ከሥሩ ሐምራዊ ማህተም አለ። ቀለሙ ሳይደርቅ መዝገቡን አጥፈውት ኖሮ በወዲያኛው ገጽ ላይም ታትሟል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም።

ወደ ቦታዬ ስመለስ የዴስክ ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ታዲያ ኩልመስክ እንዴት ናት? ገበያው ደህና ነው?» አለችኝ። ከኋላችን ያሉት ሰምተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስህተት መስሎኝ ነበር።

ዲሬክተሩ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነበር። ጮኾብን አያውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ ኩልመስክ አልሄድኩም» አልኩት።

«መዝገቡ ሄዳለች ይላል።»

«ቤት ነው የነበርኩት። አባየ ነግሮዎታል።»

«እሱስ ነግሮኛል» አለ። በመስኮቱ ተመለከተ። «ልጄ፣ አቋርጣለች ብዬ ብጽፍ ላንቺም አያምር፣ ለትምህርት ቤቱም አያምር። ተዛውራለች ደህና ቃል ነው። አሁን ለመመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ከኩልመስክ መሸኛ አምጪ።»

መሸኛ ተማሪ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ የሚይዛት ወረቀት ናት። ያለ እሷ ማንም አይቀበለውም።

«ያልሄድኩበት ቦታ እንዴት አድርገው ይሸኙኛል?» አልኩት።

«ጠይቂያቸው» አለኝ፤ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም። «የተማረ ሰው ነው፤ ተሳስቶ ይሆናል። የወላጆች ቀን ስለደረሰ ያኔ ፊት ለፊት አነጋግረዋለሁ» አለኝ።

የወላጆች ቀን ግቢው ተጠርጎ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ለመቀመጫ ተደርድሮ ነበር። ከበላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ፀሐዩ ይፋጃል፤ የሰው ሁሉ ጋቢ ቅቤና አቧራ ይሸታል። እኔ አባቴ እግር ሥር ቁጭ ብያለሁ። ዲሬክተሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ሥራውን አነበበ። መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል፤ ተጨበጨበ። ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ለብሷል፤ ተጨበጨበ። በሩጫ ዋንጫ መጥቷል፤ ልጆቹ አፏጩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን አሁን ነው የምነግራችሁ በሚል ዓይነት፣ «ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን አንድም ተማሪ አላቋረጠም» አለ።

አባቴ አጨበጨበ። በእነዚያ ሰፋፊ እጆቹ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ጎንበስ ብሎም «ሰማሽ? አንቺም አላቋረጥሽም ማለት ነው። ተስተካክሏል» አለኝ።

ዲሬክተሩ የሠራብኝን ሁሉ ልተውለት እችል ይሆናል። አባቴን ለዚያ ውሸት ማስጨብጨቡን ግን አልተውለትም።

«የሚመጣው ዓመት ቅድሚያ የምንሰጠው ለሴቶች ልጆች ትምህርት ነው» ሲል ተነሳሁ።

«እኔ አቋርጫለሁ» አልኩ።

ሰዉ ዞረ። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ይቺ የማን ናት?» አለች። ተቆጣጣሪው ዲሬክተሩን አየው። ዲሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ «ይህች ልጅ የኛ ተማሪ አይደለችም» አለ። መዝገቡም እንዲያ ነው የሚለው።

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ።

«ጌታየ፣ ልጄ ናት። ትቆይ ብለውኝ ነው የቆየች» አለ።

«አባት፣ እሱን ቢሮ ገብተን እንነጋገራለን» አለው ዲሬክተሩ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። ሽልማት ወደ መስጠቱ ታለፈ።

ቢሮም ገብተን ቃሉ ያው መሸኛ ነበር።

በቀደም ያ ልጅ እግር ርዕሰ መምህርም በንግግሩ እዚያው ቃል ላይ ደረሰ። በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ የሆኑት ዴስኮች ተተክተዋል አለ፤ ጣሪያው ተጠግኗል አለ፤ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ቀጥሎ «አንድም አቋራጭ የለንም» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ሁለቱ ሴት ልጆችሳ?»

«ማዘር፣ እነሱ ተዛውረዋል።»

«ወዴት?»

ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ ያለ አልመሰለኝም። አጠገቤ የተቀመጡት ወላጆች ሁሉ የት እንደሄዱ ያውቃሉ፤ አንዷ ሰው ቤት ተቀጥራለች፣ ሌላዋ ከነሻንጣዋ ወደ ዓረብ አገር ነው ተብሎ ተሰናብታለች። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። የልጅ ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «እመየ፣ ተይው። ኋላ በኔ ላይ ነው ቂም የሚይዙት» አለችኝ። ተቀመጥኩ። በስድስተኛ ክፍል ዕድሜዬ ቢሆን አልቀመጥም ነበር።

ያኔ ከአባቴ ጋር ኩልመስክ ሄድን። በሬዎቹን ፈትቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነስተን፣ ከቀትር በኋላ ደረስን። የኩልመስኩ ዲሬክተር ሽማግሌ ነበሩ። መዝገባቸውን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉልኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኔ ያላስተማርኩትን ተማሪ ብሸኝ ውሸታም መሆኔ ነው» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው» አልኳቸው። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ያገኘኋቸው ሐቀኛ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ሐቃቸውም በሩን ዘጋብኝ።

«እዚህ ትፈተን ቢባልስ?» አላቸው አባቴ።

«ደስ ይለኛል። ከዚያ ትምህርት ቤት መሸኛ ይዛ ትምጣ።»

ተመልሰን ዲሬክተራችንን መሸኛ ጠየቅነው። «መሸኛዋን ወስዳ ሄዳለች ተብሎ ተጽፏል። ለአንድ ተማሪ ሁለት አይጻፍም» አለን። አባቴ ለእርሻ የሚሆነውን ቀን እየተወ በሁለቱ መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ግን «ልብስሽን ልበሺ» አለኝ። «ሲያዩሽ ያዝኑ ይሆናል።»

ዘበኛው ስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ፈለገ። «የለችም፣ አያ» አለው አባቴን፤ ሲናገር ዓይኑን አላነሳም። ከግቢው ውጭ ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ቆርቆሮው ጸጥ ብሎ የፈታኙ እርምጃ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

ከፈተናው በኋላ የዴስክ ጓደኛዬ ወጣችና እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የመጣውን ጥያቄ ሁሉ፣ ያስታወሰችውን ያህል፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔም መለስኩ። አባቴ ቆሞ ያዳምጣል። ማንበብ አያውቅም፤ ግን አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«ሁለት ሦስተኛና አንድ ስድስተኛ ሲደመር ይላል» አለችኝ።

«አምስት ስድስተኛ።»

«እኔ ሦስት ዘጠነኛ ነው ያልኩት» አለች።

«ከሁለታችሁ ማን ነው ልክ?» አለ አባቴ።

«እሷ ናት» አለች ጓደኛዬ።

«ታዲያ የሷን ማን ያርምላታል?»

ጓደኛዬ አልፋ ላሊበላ ገባች፤ ይገባታል፣ ተፈትናለች። እኔ ቃል እንደነበረው እናቴ ዘንድ ቀረሁ። አባቴ ቃሉን ለወንድሞቼ ጠብቆ ለኔ ቢያጥፈው፣ ለምን ብዬ የምጠይቀው መጀመሪያ እኔው ነበርኩ። ይኼን እሱም ያውቃል። ለዚያ ነው መሰለኝ በዓመቱ ልላክሽ ብሎ ያላነሳልኝ፤ እኔም ያልለመንኩት።

መንገድ ስንሄድ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበር ልማዳችን። የፈተናው ዕለት ስንመለስ ግን «ቅደሚ» አለኝ። ቀደምኩ። ገብሱ በግራና በቀኝ ገና እየበቀለ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ከኋላዬ እርምጃው ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ፣ ከዚያ እንደገና እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ምን ሆነ ብዬ ዘወር ልል ስል፣ «ወደፊት እዪ፣ ልጅየ» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

አልዞርኩም። ቤት እስክንደርስ አልዞርኩም።